ጤናና ጠባቂዎቹ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ሰላምታ እንደ ወትሮው ለመግቢያ ያህል አላኖርሁትም፤ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ራሱ እርሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ከጣሊያን ወረራ ማግስት ስለ ተቋቋሙት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሳስተምር፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ጤና ጥበቃ ማለት ጤናን ከማን መጠበቅ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። «ከበሽታ ነዋ!» ብዬም ወደ ቀጣዩ ርእስ አለፍሁ። መምህር መልስ ሲያጣ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ማታ ግን ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ከበሽታ ነው ማለቴ ስሕተት አልነበረም። ይሁን እንጂ ያለፈውን የመቶ ዓመት ታሪካችንን ሳገላብጥ፣ በአገራችን ጤና ከበሽታ ብቻ ሳይሆን ከጠያቂም ሲጠበቅ የኖረ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲህ ከቃሉ እንነሣ። ጤና የግእዙ ጥዒና ልጅ ነው። ግሱ ጥዕየ ነው፤ ጥዑይ ማለትም ሕመም የሌለበት፣ ሙሉ የሆነ ማለት ነው። የአማርኛ አፍ የጉሮሮ ፊደሎችን ማሰማት ከተወ ብዙ ዘመን ስለሆነው «ዒ»ን ዋጠና ጤና አለ። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ ጥዕና ብሎ ድምፁን አክብሮ ይኖራል። ሰላምታውም ያው ነው፤ አማርኛው ጤና ይስጥልኝ ሲል ትግርኛው ጥዕና ይሃበለይ ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ላይ በድምፅ እንጂ በሐሳብ አይለያዩም። (ስለ ልዩነታችን ብቻ መጻፍ ለሚወዱ ወዳጆቼ ይህችን በቅንፍ አስቀምጬላቸዋለሁ።)

ይህችን ዐረፍተ ነገር ቀረብ ብላችሁ ተመልከቷት። ሰጪው በስም አልተጠራም፤ እግዚአብሔር መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። ተቀባዩም አልተጠራም፤ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ነው። በቃሉ ውስጥ ተለይቶ የተጠቀሰው መጨረሻ ላይ «ልኝ» በምትለው ቅጥያ የተሸጎጠው ተናጋሪው ብቻ ነው። ለእኔ ሲል፣ ስለ እኔ ብሎ ጤና ይስጥህ እንደ ማለት ነው። ምስጋናችንም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የምንለው ውለታህን እኔ ከፍዬ ስለማልጨርሰው በእኔ ፈንታ እርሱ ይክፈልህ ለማለት ነው። እንግዲያውስ ጤና በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ጉዳይ ነው። አንዱ ይመኛል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከላይ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሹም የለበትም።

ወደ መንደርና ወደ ገበያ ወረድ ስንል ደግሞ ቃሉ ከሥጋ ጨርሶ ይወጣል። «ጤና የለውም» የምንለው ሰው ሆዱን የታመመ ሳይሆን አእምሮው የተነካ ነው። «ነገሩ ጤና የለውም» ስንል ውስጡ ተንኰል አለበት ማለታችን ነው። ጎረቤት ጤና ይነሣል፤ ሐሳብም ጤና ይነሣል። ያልሆነ ነገር የሚናገር ሰው «የጤናህ ነው?» ይባላል። አዳምም ከዚሁ ድርሻ አግኝቷል፤ ቡና ውስጥና ዓይብ ላይ የምናኖራትን ቅጠል ጤና አዳም ብለን ጠርተናታል። የሆድ ቁርጠት ያመመው ልጅም ያችን ቅጠል ሳያኝክ አላደገም።

አያቴ ያለ ልማዴ በምሽት በሯን ባንኳኳሁ ቁጥር ከሰላምታ አስቀድማ «የጤና ነው?» ትለኝ ነበር። ትኩሳት እንዳለብኝ መጠየቋ አልነበረም። የሞተ አለ ወይ? የታሰረ አለ ወይ? ከማን ተጣላህ? ከሥራ አስወጡህ ወይ? ይህ ሁሉ በሁለት ቃል ታጥፎ ይመጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1946 ተፈርሞ በ1948 ሥራ ላይ ሲውል፣ ጤና የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደኅንነት ነው ብሎ ደንግጓል። አያቴ የዓለም ጤና ድርጅትን ቀደመችው ልል አይደለም፤ «ይህንማ አባቶቻችን ድሮ ያውቁት ነበር» የሚለው ዜማ ለእኔም ሰልችቶኛል። ልል የፈለግሁት ሌላ ነው። የአያቴ ጤና የሚኖረው በጥያቄ መልክ ነበር። ትጠይቃለች፤ መልስ ይሰጣታል። መልስ ካላገኘች ደግሞ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የለም።

የጤና እኅት ቃል ደኅና ናት። እርሷም የመጣችው ድኅነ፣ ማለትም ዳነ፣ ተረፈ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ከበሽታ የተነሣውም ከጥፋት ያመለጠውም በአንድ ግስ ዳነ ይባላል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ክኒንና መድኃኔ ዓለም የምንለው ስም ሥራቸው አንድ ነው። ላቲኖችም «ሳሉስ» የሚሉት ቃል ጤናንም፣ መትረፍንም፣ ደኅንነትንም በአንድ ከረጢት የያዘ ነው። የሮማው ሲሴሮ የሕዝብ «ሳሉስ» ከሕግ ሁሉ በላይ ይሁን ያለውን አንዱ የሕዝብ ጤና፣ ሌላው የሕዝብ ደኅንነት ብሎ ይተረጉምለታል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች ያቋቋሙት፣ ሰው በማሳረድ ስሙ የገነነው ኮሚቴም መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እኛም ከዚህ ዕጣ አላመለጥንም፤ ደኅና የምትለዋ ለስላሳ ቃል «ደኅንነት» ሆና የስለላ መሥሪያ ቤት መጠሪያ ለመሆን በቃች። «ደኅና ነህ ወይ?» ሲሉት ፊቱ የሚፈታ ሰው «እርሱ እኮ ደኅንነት ነው» ሲሉት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። (ድኅነትና ድህነት በጆሮ ሲሰሙ አንድ መሆናቸውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ።)

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን በሰፊው መግባት የጀመረው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ወዲህ ነው። ከዚያም የምኒልክ ሆስፒታል ተከተለ። ይህ ሁሉ ግን ሐኪምና በሽተኛ የሚገናኙበት ቤት እንጂ የሕዝብን ጤና በኀላፊነት የሚይዝ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲደርስና ቤት ለቤት ሰው ሲያልቅ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ሲተርፉ፣ ከተማዪቱ የነበራት ጥበቃ ጸሎትና ጢስ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት የዚያን የኅዳር በሽታ ታሪክ አሰባስበው ጽፈውታል። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን እየተባለ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በሽታው ስም ነበረው፤ ሁሉም ስሙን ይጠራ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር፤ ለምን «ጥበቃ» እንዳለ እጠይቀው ዘንድ። ጠበቀ የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ፊት አለው፤ ዘበኛ ሆኖ መቆምም ነው፣ እስኪመጣ ድረስ መቆየትም ነው። ስለዚህ መንግሥትም ጤናን ይጠብቃል፤ ሕዝብም ጤናን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ቃላት ደግሞ በተራ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በማግስቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና «የጤና መኰንን» የሚባል ባለሙያ ማሠልጠን ተጀመረ። መኰንን እስከዚያ ዘመን ድረስ ጎራዴ የሚታጠቅ ሰው ነበር። እንደ ፖሊሱ ሁሉ ጤናም «ጣቢያ» አገኘ። ክትባት «ዘመቻ» ሆነ። በገጠር ቀበሌ ያለችው ትንሿ ቤት «ጤና ኬላ» ተባለች። ኬላ ማለት በነጋዴ ቋንቋ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መንገድ ተዘግቶ፣ ጭነት ተፈትሾ፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ስፍራ ነው።

እርግጥ ይህ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። የዓለም የጤና ሰዎች በሙሉ በጦር ሜዳ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ወባን እንዋጋ፣ ፈንጣጣን እናጥፋ ይላሉ። ፈንጣጣም በእውነት ጠፍቷል፤ በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በምሥራቁ ቆላ ነው። ሐኪምና ክትባት አቀባይ ያን ያህል በረሃ በእግሩ የተጓዘበትን ሥራ ዘመቻ ብንለው አይበዛበትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው፣ በአጠቃላይ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ ሕፃናትን አስከተቡ፣ እናቶችን መከሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአንድ ሺህ ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወርዷል። ይህን ሥራ በፖለቲካ ጥላቻ ዓይኑን ሸፍኖ የሚክድ ሰው ከእኔ ጋር ክርክር አይግጠም።

ይሁንና ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ነገሩ አንድ ርምጃ ተሻገረ። «የጤና ልማት ሠራዊት» ተባለና በየመንደሩ ቤተሰቦች አንድ ለአምስት ተደራጁ። ያው አንድ ለአምስት ስለ ማዳበሪያም፣ ስለ ምርጫም፣ ስለ ጎረቤት አዋዋልም የሚሰበሰብ ነበር። እናት ስለ ልጇ ክትባት የምትጠየቅበት አንደበትና ባሏ የት እንዳመሸ የምትጠየቅበት አንደበት አንድ ሲሆን፣ «የጤና ነው?» የሚለው የአያቴ ጥያቄ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ፓርቲውም በበኩሉ ስለ ራሱ ሲናገር የሐኪም ቋንቋ ይወድ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሲከፋፈል «መበስበስ» አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲጨነቅ «በጥልቀት መታደስ» አለ። የማይስማማ ሐሳብ «ጤናማ ያልሆነ አካሄድ» ይባል ነበር። መበስበሱን የሚመረምረውም፣ መድኃኒቱን የሚያዘውም፣ ድኛለሁ ብሎ የሚፈርመውም ራሱ በሽተኛው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ጤና በጥብቅ የተጠበቀው በቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ሕመማቸው እየጸና ሄደ፤ አካላቸውም አንደበታቸውም ታሰረ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በይፋ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ የነበረው ትልቁ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ እንደምን አደሩ? ስለ እቴጌ ጣይቱ ሥልጣን፣ ስለ ራስ ተሰማ ሞግዚትነት፣ ስለ መኳንንቱ መሐላ የሚነገረው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአዲስ አበባ ያሉት የውጭ መልእክተኞች ለየመንግሥታቸው የሚልኩት ወሬም ስለ ንጉሡ ሕመም የተሞላ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐረፉ፤ ሞታቸው ግን ለሕዝብ ሳይታወጅ ተሸሸገ። ያገሬው ሰው ጤናቸውን ሲለምንላቸው የኖረው ንጉሥ ከሞቱ በኋላም ይለመንላቸው ነበር ማለት ነው። ምክንያቱን እንረዳለን፤ አልጋው እንዳይናወጥ፣ ጠላት እንዳይደፍር ነው። ነገር ግን መደበቁ አልጋውን አላጸናውም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወረዱ፤ በጥቅምት ሰገሌ ላይ የወንድማማች ደም ፈሰሰ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ የተገላቢጦሹ ደረሰባቸው። ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ ባለፈው ቀን መሞታቸውን ሲናገር፣ ቀደም ሲል ያደረጉትን የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አንሥቶ የደም ዝውውር መታወክን ምክንያት አድርጎ አቀረበ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በኋላም በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተመሠረተው ክስ ታንቀው እንደተገደሉ ተገለጸ። እንግዲህ በምኒልክ ዘመን ሞት በጤና ተሸፈነ፤ በደርግ ዘመን ግድያ በበሽታ ተሸፈነ። ሐኪሙ የሚጽፋት ወረቀት ለታሪክ ጸሓፊ እንዲህ ያለች አስቸጋሪ ሰነድ ናት።

ሦስተኛውን ሁላችንም በዓይናችን አይተነዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሰኔ 2004 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተደረገው የቡድን 20 ጉባኤ ወዲህ በአደባባይ አልታዩም። በሐምሌ ወር በገዛ ከተማቸው በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቀሩ ጥያቄው ከየአቅጣጫው ፈላ። የመንግሥት ቃል አቀባዮች ሕመሙ ቀላል ነው፣ እያገገሙ ነው፣ ለአዲስ ዓመት ይመለሳሉ አሉ። ፍትሕ ጋዜጣ ጉዳዩን በዐምዱ ቢያነሣ የሐምሌ 13 እትሙ እንዳይሰራጭ ታገደ። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት የሞታቸው ዜና በቴሌቪዥን ተነገረ። በዚያ ሰሞን በዩኒቨርሲቲያችን የመምህራን ክበብ ቡና ስንጠጣ የነበረውን አነጋገር አልረሳውም። ማንም «ሰውዬው ሞቱ ወይ?» አይልም፤ «እንዴት ነው፣ የጤና ነው?» ይባላል፤ መላሹም «የጤና ነው» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዐፄ ምኒልክ ዕረፍት እስከዚያ ቀን መቶ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቀርቶት ነበር። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ገብቷል፤ ጥበቃው ግን ያው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ጤና የሥልጣን ዘመን መለኪያ ሆነ። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት አዲሱ ምርጫ የሚካሄደው ወረርሽኙ ለሕዝብ ጤና ሥጋት አለመሆኑ በጤና ተቋማት ተረጋግጦ በተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሆነ። በሽታው እውነተኛ ነበር፤ ምርጫ ያራዘመች አገርም እኛ ብቻ አልነበርንም። በዚያ ሰበብ የተከተለውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። የሲሴሮን ዐረፍተ ነገር ግን ያን ጊዜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

የነገሥታቱን ጤና መደበቅ ቢያንስ የሚያገናኘው ከአልጋ ጋር ነው እንበል። የሕዝቡን በሽታ ስም መደበቅስ? በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ወረርሽኝ በይፋ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ በአጭሩ አተት። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም፣ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ሲበረታም ስሙ አተት ነበር። ኮሌራ የሚለው ቃል ከመንግሥት አፍ የወጣው በ2011 ዓ.ም. የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲያረጋግጥ ነው። በዚህ መካከል ጉዳዩ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የዋና ዳይሬክተርነት ምርጫ ወቅት ተነሥቶ፣ የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም መሸፋፈን አልነበረም ብለው አስተባብለዋል።

የመሥሪያ ቤቱን ክርክር በቅንነት ላስቀምጠው። አተት የምልክት ስም ነው፤ ኮሌራ ለማለት የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪ ደግሞ በየወረዳው የለም። ሕክምናውም አንድ ነው፤ የጠፋውን ፈሳሽ መተካት። እንግዲያው ስሙ ምን ይፈይዳል? በሌላ በኩል ኮሌራ ተብሎ ከተጠራ ጎረቤት አገር ድንበሩን ያጠብቃል፣ ነጋዴ ይሸሻል፣ ጎብኚ ይቀራል። ይህን ክርክር ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲደግሙት ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴ ደግሜዋለሁ። የአገሬ ሰው ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል። የታሪክ ሰነዱም ቢሆን ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ ከጣና ዳር የዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ሲገባ፣ የንጉሡ እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሠራዊቱ ቆላውን ለቆ ወደ ደጋው እንዲወጣ መከረ፤ ንጉሡም ወደ ደብረ ታቦር አቀኑ። እስረኛ ለንጉሥ የበሽታውን ስም ነግሮት ንጉሥ የሰማበት ጊዜ ነበር።

ስሙ የሚፈይደውን ነገር የተማርሁት ግን ከሰነድ አይደለም። የፍልስፍና ዶክተር መሆን በአገራችን አንድ አበሳ አለው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ሐኪም ያደርግሃል። ጎኑን የወጋው፣ ዓይኑ የፈዘዘበት «ዶክተር፣ እስኪ ይችን እያት» እያለ ይመጣል። የታሪክ ዶክተር ነኝ ብል «ታዲያ የበሽታን ታሪክ አታውቅም?» ይሉኛል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ግቢያችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራፌ ላይ አስቆሙኝ።

«ዶክተር፣ ይህ አተት የሚሉት ምንድን ነው ልጄ? ያ የድሮው ኮሌራ አይደለም ወይ?»

አውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኞች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለነበር ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ነገር ግን በአጠገባችን ሰዎች ያልፉ ነበር፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

«እማማ፣ የሚባለው አተት ነው፤ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው» አልኋቸው።

«እንዲያ ነው እንዴ? ሬዲዮው ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል፤ ከሰሉ እሳት ሆኗል። ለተቅማጥ ብዬማ ከሰሌን አልጨርስም» ብለው በትራቸውን እያነሡ ሄዱ።

በሳምንቱ አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። በድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን በጉሉኮስ ቆይተው ተረፉ። ቤታቸው ልጠይቃቸው ስገባ ፊታቸው ግማሽ ሆኖ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በምድጃው ላይ ጀበና ሳይሆን ድስት ሙሉ ውኃ ይፈላል።

«ጤናዎ እንዴት ነው እማማ?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ» አሉኝና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «አንተስ ልጄ፣ የጤና ነው?»